የሣር ጣራና የመምህር አደራ

(በመምህራን ማኅበር የመታሰቢያ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





በዚህ በዓል ላይ አንድ ቃል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፥ የመምህራን ማሠልጠኛ አስተማሪ እንደ መሆኔ መጠን ስለ ማስተማር ዘዴ እንደምናገር የጠበቁ ብዙዎች ሳይኖሩ አይቀሩም። እኔ ግን ይዤ የቀረብሁት ነገር ለብዙ ዘመን ከአባቶቻችን ራስ በላይ ኖሮ፥ ሳናስተውለው ሊያመልጠን የተቃረበ ነገር ነው፤ እርሱም የሣር ጣራ ነው። ርእሱ ለዚህ ታላቅ ጉባኤ ያነሰ መስሎ ቢታያችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም አንድ ጊዜ እንደዚሁ አንሶ ታይቶኝ ስለ ነበር ያጠፋሁት ጥፋት አለ። እርሱን በቦታው እነግራችኋለሁ።

ከጎንደር ወደ ምዕራብ ወርዶ፥ መተማ ዮሐንስን አልፎ፥ ወደ ጋላባት የተሻገረና እስከ ገዳሪፍ የዘለቀ መንገደኛ ቋንቋው ሲለወጥ፥ ልብሱ ሲለወጥ፥ ገንዘቡም ሲለወጥ ያያል። ነገር ግን ከዚህም ከዚያም ወገን ባለው ገጠር የማይለወጥ አንድ ነገር ያገኛል፤ ይኸውም ክብ ሆኖ ተሠርቶ፥ ጫፉ እንደ ጉልላት የሾለው የሣር ቤት ነው። እኛ ጎጆ እንለዋለን፤ ማዶ ያሉት ጉጥያ ይሉታል። በመካከል የተሰመረው ወሰን መንግሥታትን ይለያል እንጂ ጣራውን አልለየውም። ዝናቡ አንድ፥ ሙቀቱ አንድ፥ ሣሩም አንድ ስለ ሆነ፥ የሁለቱ ወገን ሰዎች ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ አገኙ።

በ1853 ዓ.ም. ክረምት፥ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን መሆኑ ነው፥ የዓባይን ገባሮች ሊመረምር የመጣ ሳሙኤል ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ አትባራ ወንዝ ዳር ሶፊ በምትባል መንደር ከረመ። ዝናቡ መንገዱን ስለ ዘጋበት መጠለያ ፈለገ፤ አንድ የሣር ቤትም በ10 ቅርሽ ገዛ። የመንደሩም ሰዎች ቤቱን ከነበረበት አንሥተው፥ እሱ በመረጠው ስፍራ መልሰው ተከሉለት። ቤከር ይህን ሁሉ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ በፈገግታ ተርኮታል። እኔን ያስደነቀኝ ግን የቤቱ ርካሽነት አይደለም፤ የሚያስደንቀው በመንደሩ ቤት ማፍረስና መትከል የማያውቅ ወንድ አለመኖሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ 35 ዓመት አለፈ። የዐድዋ ድል በተገኘበት በ1888 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1896 መሆኑ ነው፥ በራሱ በቤከር አገር ሌላ የሣር ቤት ተሸጠ። በሰሴክስ አውራጃ አልፍሪስተን በምትባል መንደር ከ14ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ የቆየ የቀሳውስት ቤት ነበረ። ቤቱ አርጅቶ፥ ጣራው ተበሳስቶ፥ እንዲፈርስ እስከ መፍቀድ ተደርሶ ነበር። የሰበካው ቄስ ግን ይህ ቤት መዳን አለበት ብለው ተከራከሩ። ያን ጊዜ ገና አንድ ዓመቱ የነበረ ናሽናል ትረስት የተባለ የቅርስ ማኅበር ቤቱን በ10 ፓውንድ ገዛው፤ ማኅበሩ ከገዛቸው ሕንጻዎች ሁሉ የመጀመሪያው ይኸው የሣር ቤት ነው። ማደሻው ከግዢው ዋጋ እጅግ የበለጠ ገንዘብ ፈጀ፤ ሆኖም ታደሰ፤ ዛሬም በሣር እንደ ተከደነ ቆሞ ይጎበኛል።

እንግዲህ ሁለት የሣር ቤቶች፥ አንዱ በ10 ቅርሽ፥ አንዱ በ10 ፓውንድ ተገዙ። አንዱ ቆሞ ሳለ ሌላው ወደ አፈር ተመልሷል። ልዩነቱ ከምን መጣ? የእንግሊዙ ቤት አጥንቱ ጠንካራ የወይራ ዘመድ የመሰለ የኦክ እንጨት ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ጣራው እንደ እኛው ጣራ ይበሰብሳል። ዛሬ በአልፍሪስተን ቤት ላይ ያለው ሣር ቤቱ በተሠራ ጊዜ የተከደነው ሣር አይደለም። በየጥቂት ዐሥር ዓመታት የሚያውቅ እጅ ወጥቶበት፥ አሮጌውን ገፎ፥ አዲሱን ከድኖበታል። የድንጋይ ግንብ ሰው ቢረሳው እንኳ ለብዙ ዘመን ይቆማል፤ የሣር ቤት ግን አንድ ትውልድ ከረሳው ያልቃል። ስለዚህ የሣር ቤት ዕድሜ በሣሩ ላይ የሚቆጠር አይደለም፤ ሣሩን መክደን በሚያውቁ ሰዎች ቁጥር ላይ ነው እንጂ።

እንግሊዞች ይህን ስለ ተረዱ በ1947 እ.ኤ.አ. ባወጡት የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ታሪክ ያላቸው ቤቶች በመዝገብ እንዲጻፉ አደረጉ። በመዝገቡ የተጻፈ የሣር ቤት ያለው ሰው፥ ቤቱ የገዛ ራሱ ቢሆንም፥ ሳያስፈቅድ ሣሩን ገፎ ሌላ ነገር ሊያለብሰው አይችልም፤ ቢያደርገው ወንጀል ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ብቻውን አልበቃም። አዲሱ የስንዴ ዘር አጭር ሆነ፤ የማጨጃው መኪናም አገዳውን ይሰባብረው ጀመር። ጣራ የሚከደንበት ረጅም ጭድ በመጥፋቱ፥ የድሮውን ረጅም ስንዴ ለጣራ ብለው የሚዘሩና በአሮጌ ማጨጃ የሚሰበስቡ ገበሬዎች አስፈለጉ። ሕግ ቤቱን ይጠብቃል፤ ሣሩንና እጁን ግን ሌላ ሰው ማሳደግ አለበት።

ስለነዚህ አሮጌ ጣራዎች አንድ ነገር ልጨምር። በደቡብ እንግሊዝ በአንዳንድ ቤቶች ላይ አዲሱ ሣር በአሮጌው ላይ እየተደረበ ስለ ተከደነ፥ የታችኛው ሽፋን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ ተገኝቷል። ያን ጊዜ ቤቶቹ ጭስ ማውጫ አልነበራቸውምና ያ ሽፋን በጥቀርሻ ጠቁሯል። ሊቃውንትም ከውስጡ የዚያን ዘመን የስንዴና የአጃ ዘለላ፥ የአረሙንም ዓይነት እየለቀሙ ያጠናሉ። በእናቱ ጎጆ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ዓይን ቢያስለቅስም፥ ጣራውን ከነቀዝና ከምስጥ እንደሚጠብቀው እናቶቻችን ያውቁ ነበር። እኛ እንደ ድህነት ምልክት የቆጠርነውን ጥቀርሻ፥ ሌሎች እንደ ቤተ መጻሕፍት ያነብቡታል።

በእኛ አገርስ? በእኛ አገርም በሕግና በክብር የተጠበቀ የሣር ጣራ አለ። በ17ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ በዐፄ ኢያሱ የተመሠረተው የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ በሣር የተከደነ ነው። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. ከጋላባት የተነሣው የደርቡሽ ጦር ጎንደርን ወርሮ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥል፥ ይህ ቤተ ክርስቲያን ተረፈ፤ ያዳነው የንብ መንጋ ነው ብለው አባቶች ይተርካሉ። በዓመቱም፥ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.፥ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ። ያ ሁሉ እሳት ካለፈ በኋላ፥ እሳት ሊበላው ቀላል የነበረው ጣራ ቆሞ ተገኘ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 209ም የሚዳሰሰውን ቅርስ ብቻ ሳይሆን፥ የማይዳሰሰውን ማለት ጥበብንና ልማድን ጭምር ቅርስ ብሎታል። ይህ ቃል በሚገባ ቢታሰብ፥ ጣራው ብቻ ሳይሆን ከዳኙም ቅርስ ነው ማለት ነው።

ሣሩን ስለ መጠበቅም ቢሆን ከእንግሊዝ ገበሬ በፊት የመንዝ ገበሬ አስቦበታል። የመንዝ ሰዎች ጓሳን በጋራ ሕግ ሲጠብቁ ወደ 400 ዓመት ይሆናቸዋል። ጣራ የሚከደንበት ሣር በደንብ እስኪያድግ ድረስ ደጋው ተዘግቶ ይቆይና፥ ጊዜው ሲደርስ በአለቃ ትእዛዝ ይከፈታል፤ ቀድሞ የገባ ይቀጣ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ ያ የጥንት ሥርዓት ተናጋ፤ ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ ይዞ ዘለቀ። በቆላው በኩል እንዲህ ያለ ሥርዓት አልተገኘም። በገዳሪፍ ዙሪያ ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትራክተር የሚታረስ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ሲስፋፋ፥ ጫካውና የሣሩ ሜዳ ወደ እርሻ ተለወጠ። በእኛም ወገን መተማና ቋራ ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። ሰሊጡ ብዙ ሰው አብልቷል፤ ይህን አልነቅፍም። ሰንበሌጥ ግን ከደጅ ርቆ፥ ሰው ሣር ፍለጋ የግማሽ ቀን መንገድ የሚሄድበት ስፍራ በዝቷል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ የሣር ቤት ነገር የጎብኚና የሊቃውንት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ በገዳሪፍ ምድር ያለች የአንዲት ሰፈር ስም ያስተምረዋል። ስሟ ኡም ራኩባ ነው። ራኩባ በሱዳኖች አነጋገር በቋሚ እንጨት ላይ አገዳ ወይም ሣር የተከደነበት ጥላ ነው፤ የእኛው ዳስ ነው። ኡም ራኩባ ማለትም የዳስ እናት እንደ ማለት ነው። ይህች የዳስ እናት የእኛን ሰዎች ሁለት ጊዜ ተቀብላለች። በ1977 ዓ.ም. ከጎንደር ምድር በእግራቸው የወጡ ቤተ እስራኤላውያን ወደ ኢየሩሳሌም ለመሻገር ሲጠባበቁ የሰነበቱት በእርሷ ነበር፤ ብዙዎችም በረኃብና በበሽታ በዚያው ቀሩ። ዳግመኛም በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲነሣ፥ ከ60,000 በላይ ሰዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገሩ፤ ከእነዚያም ብዙ ሺህ የሚሆኑት ኡም ራኩባ ሰፈሩ። በዚያው ዓመት ክረምት ሲገባ ወጀብ ተነሥቶ ድንኳኖችን ቀደደ፥ መጠለያዎችንም አፈረሰ። ያን ጊዜ ለሰው ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ምን ነበር? እንጨት ሲተከል፥ ማገር ሲማገር፥ ሣር ሲከደን ያየና የሠራ እጅ ነበር። ያ እጅ ያለው ሰው ለልጆቹ ጎጆ ቀለሰ፤ የሌለው የሌላውን እጅ ጠበቀ።

ስደትም መንገዱ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ፥ ያስጠለሉን ሰዎች በተራቸው በጋላባት በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ መጡ። ዛሬ በሰላም የተቀመጠ ሰው ነገ በምን ጣራ ሥር እንደሚያድር አያውቅም፤ ስለዚህ ጎጆ መቀለስ መቻል የድሀ ሙያ ነው ብሎ መናቅ ትልቅ አላዋቂነት ነው።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ። ማስተማር የጀመርሁት በዚያው በጠረፉ ቆላ ባለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። በግቢው መካከል ወላጆች በደቦ የሠሩት ክብ የሣር ቤት ነበረ፤ ትምህርት ቤቱ የተጀመረው በእርሱ ውስጥ ነው። ቆርቆሮ የሚገዛበት ገንዘብ በተገኘ ጊዜ ይህ ቤት ይፍረስ አይፍረስ የሚል ስብሰባ ተደረገ፤ የስብሰባው ጸሐፊ እኔ ነበርሁ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፥ “ልጆቼ፥ አዲሱን ሥሩ፤ ይህን ግን ለምን ታፈርሱታላችሁ? እሱ ምን አስቸገራችሁ?” አሉ። እኔ ወጣት ነበርሁና፥ የሣር ቤት የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ብዬ ተናገርሁ፤ ቃለ ጉባኤውንም በራሴ እጅ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍሁት። ቤቱ በአንድ ቀን ፈረሰ። ማን እንደ ሠራው፥ ስፋቱ ስንት ክንድ እንደ ነበረ፥ ምሰሶው ከምን እንጨት እንደ ተቆረጠ፥ በስንት ዓመት አንድ ጊዜ ይከደን እንደ ነበረ፥ አንድም ሰው አልጻፈም። ሽማግሌው ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በመጋቢትና በሚያዝያ የዚያ አገር ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በአዲሱ የቆርቆሮ ክፍል ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ልጆቹ ደብተራቸውን ማራገቢያ አደረጉት። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፄን የሚሰማ ስላልነበረ፥ ዝናቡ እስኪያባራ በሰሌዳ ላይ ብቻ እየጻፍሁ አስተምር ነበር። ፈርሶ በነበረው ቤት ውስጥ ሙቀቱም ጩኸቱም እንዳልነበረ ያን ጊዜ አሰብሁ።

ከዓመታት በኋላ ወደ ማሠልጠኛው ተዛውሬ መጣሁ። አንድ ጊዜ ሠልጣኞቼን ከአካባቢ የሚገኝ ነገርን ለትምህርት መጠቀም እንዲለማመዱ ብዬ፥ በግቢው ውስጥ አንዲት ትንሽ የሣር ጎጆ እንዲሠሩ አዘዝኋቸው። አርባ የሚሆኑ ወጣቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹም የገበሬ ልጆች ናቸው። ግድግዳውን እንደ ምንም አቆሙት። ጣራው ላይ ሲደርሱ ግን ሣሩን ከጫፉ ጀምረው ወደ ታች ይከድኑ ጀመር፤ እኔም ቆሜ እያየሁ ስሕተቱ አልታየኝም። የግቢው ዘበኛ፥ አረጋዊ ሰው ናቸው፥ መጥተው ጥቂት ዝም ብለው ካዩ በኋላ፥ “መምህር፥ ውኃ ወዴት እንደሚወርድ ተረሳ እንዴ? ከክፈፉ ጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚከደነው፤ የላይኛው የታችኛውን ካልደረበ ዝናቡን ወደ ውስጥ ጠራችሁት ማለት ነው። ልጡንም ውኃ ሳታጠጡት እንዴት ይታዘዝላችኋል?” አሉን። ከዚያም ካባቸውን አውልቀው እስከ ማታ ሲያሳዩን ዋሉ። ከየት እንደ ተማሩት ጠየቅኋቸው። በጎልማሳነታቸው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ገዳሪፍ ይወርዱ እንደ ነበርና፥ የቀን ሠራተኞቹ የሚያድሩበትን ጎጆ በየዓመቱ የሚያድሱት እሳቸው እንደ ነበሩ ነገሩኝ። በዚያ ቀን አስተማሪው ማን እንደ ነበረ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገኝም።

በእርግጥ የሣር ቤት ችግር የለበትም አልልም። እሳት ጠላቱ ነው፤ ምስጥ ይበላዋል፤ ተባይና እባብ ይጠጋዋል፤ በየጊዜውም እንጨትና ሣር ይፈልጋል። ቆርቆሮ ከነውረኛ ጩኸቱ ጋር ንጹሕ የዝናብ ውኃ በአሸንዳ ይሰጣል፤ ውኃ በሌለበት ትምህርት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ አገሩ ሁሉ ወደ ሣር ይመለስ ብዬ አልለምንም፤ እናቴም ራሷ በቆርቆሮ ቤት ትኖራለች፤ ደስም ይላታል። የምለው ሌላ ነው፤ አዲሱን ስንይዝ አሮጌውን ሳንጽፈው፥ ሳንለካው፥ ሳንማረው አንጣለው ነው።

ከዚህ አሳብ ተነሥቼ ለመምህራንና ለትምህርት ሹማምንት ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ማንኛውም የማሠልጠኛ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ከትውልድ መንደሩ አንድ የሣር ቤት መርጦ ለክቶ ይጻፍ፤ የእያንዳንዱን ክፍል ስም፥ ምሰሶውን፥ ወጋግራውን፥ ማገሩን፥ ክፈፉን፥ እንጨቱንና ሣሩን በአገሩ አጠራር ይመዝግብ፤ የሠሪውንም ቃል ይጨምር። ይህ ወረቀትና እርሳስ እንጂ በጀት አይጠይቅም።

ሁለተኛ፤ የቦታ ስፋት ያለው ትምህርት ቤት ከግቢው አንዲት ጥግ ለሰንበሌጥ ይተው። ሣሩ ፍሬውን ጥሎ ሲደርቅ ተማሪዎቹ ይጨዱት። የተጠበቀ ሣር ከሌለ የተጠበቀ ጣራ አይኖርም።

ሦስተኛ፤ አሮጌ የሣር ቤት ያለው ትምህርት ቤት አያፍርሰው፤ የመንደሩን ሽማግሎች ጠርቶ በተማሪዎቹ እጅ ያስከድነው። ጃፓኖች ሺራካዋ በምትባለው መንደራቸው ያሉትን ታላላቅ የሣር ቤቶች እስከ ዛሬ ያቆዩት፥ መንደርተኛው ዩይ በሚሉት ደቦ እየተረዳዳ ስለሚከድን ነው። እኛም ደቦንና ወንፈልን ከማንም አልተበደርንም።

ይህ ትምህርት ነውን? የሚለኝ ቢኖር በአንድ ምሳሌ ልመልስ። ካስማ ትከሉ፤ የ3 ሜትር ገመድ እሰሩበት፤ ዙሩም። የግድግዳው ዙሪያ ወደ 19 ሜትር፥ የወለሉ ስፋት 28 ካሬ ሜትር ይሆናል። በዚያው 19 ሜትር ግድግዳ አራት ማዕዘን ቤት ብትሠሩ ግን ስፋቱ ከ22 ካሬ ሜትር ብዙ አያልፍም። ስድስት ካሬ ሜትር የትርፍ ቦታ ከየት መጣ? ብላችሁ ጠይቁ፤ ልጁ በአያቱ ቤት ውስጥ የክብን ሕግ ያገኘዋል። ጣራው ለምን ከ45 ዲግሪ በታች አይዘቀዝቅም? ብላችሁ ጠይቁ፤ የውኃን ጠባይ ያገኛል። የአያቱ ቤት የማሰብ ፍሬ መሆኑን ያወቀ ልጅ በአያቱም በራሱም አያፍርም።

ጓደኞቼ፤ በአማርኛችን ሰው ሲያገባ ጎጆ ወጣ እንላለን። ጎጆውን ከቋንቋችን ማውጣት አልቻልንም፤ ከእጃችን ግን ሊወጣ ነው። እኔ ያፈረስሁትን ቤት መልሼ ልተክለው አልችልም፤ ተቃውመውኝ የነበሩት ሽማግሌም ዛሬ በሕይወት የሉም። ነገር ግን ያ ዘበኛ አሁንም ከማሠልጠኛው በር ላይ አሉ፤ በሚመጣው ኅዳር ሣሩ ሲደርስ ከአዲሶቹ ሠልጣኞች ጋር ያችን ጎጆ እንደገና እንድንከድናት ቃል ተገባብተናል። በየትምህርት ቤታችሁ በር ላይ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ሳይቀመጥ አይቀርም። ስትመለሱ፥ “አባባ፥ ቤት መክደን ያውቃሉ?” ብላችሁ ጠይቁልኝ።